ጎረቤቶቼ ባረፉበት ቀን

ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ መስክር ብሎ የጠራኝ የለም። ዕድል ስጡኝ ብዬ የተነሣሁት ራሴ ነኝ። ስለ እኔ የሚወራውን ሰምቻለሁ፤ ከኋላዬ ከሚዞር እዚህ ፊት ለፊት ይነገር ብዬ ነው።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ በቆሎና በርበሬ የማመርት ገበሬ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ጌታን ያገኘሁት በጎልማሳነቴ ነው። በእኛ አገር በበዓል ቀን አይታረስም፣ አይታረምም፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ይመለስና ዛፍ ሥር ይቀመጣል። እኔ ባመንሁ ጊዜ፣ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ ካሰኘኝ ነገር አንዱ እነዚያ ቀናት ሁሉ ለእኔ መትረፋቸው ነበር። ሌላው ሲያወጋ እኔ አርሳለሁ፤ ሌላው ሲያርፍ እኔ እኮተኩታለሁ። ይህንንም የእምነት ፍሬ አድርጌ ቆጠርሁት። እሑድ እዚህ ከእናንተ ጋር "አሜን" ስል እንኳ ልቤ በርበሬው ላይ ነበር።

ጎረቤቴ አያ ደሳለኝ በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ የኦርቶዶክስ አማኝ ናቸው። በበዓል ቀን በማሳዬ ዳር ሲያልፉ ቆም ይሉና፦

"አንተ፣ ይሄ ጌታህ ፈቃድ አይሰጥም እንዴ?" ይሉኛል።

"አንቱ ይቀመጡ፣ አያ ደሳለኝ። እኔ ነጻ ሰው ነኝ።"

"ነጻ ሰው እንዲህ ያልበዋል?" ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

እየቆየ እንቅልፍ አጣሁ። እየበላሁ የነገውን እርሻ አስባለሁ፤ እያረስሁ በስልክ የገበያ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ እየጸለይሁ ዝናቡ እንዳይቀድመኝ እሰጋለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ይታይሽ የምሳውን ሳህን እያነሣች "አሁን ምን በሉ?" አለችኝ።

"ሽሮ ነዋ" አልኋት።

"ሽሮውማ ትናንት ነበር። ዛሬ ጎመን ነው የበሉት።"

ተቆጣኋት። ምን ሊያደርግልኝ ነው የበላሁትን የማውቀው አልኋት። ወገኖቼ፣ ጌታ ያቀረበልኝን ማዕድ ሳላይ እየዋጥሁ፣ ከማዕዱ በፊት ግን ረጅም ጸሎት እጸልይ ነበር።

ከዚያ የጊዮርጊስ ዕለት ሆነ። አገሩ ሁሉ ጸጥ ብሎ የእኔ ጅራፍ ብቻ ይሰማል። ድንገት ራሴን ከኋላ ወጋኝ። ቀኝ እጄ እርፉን አልጨብጥ አለኝ። በሬዎቹን ላቁም ብል ምላሴ ታሰረ። እዚያው ትልሙ ውስጥ ወደቅሁ።

ማን አነሣኝ? ሰነፎች ያልኋቸው፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሰዎች። በሬዎቼ ያለ ሰው መቆማቸውን አይተው የጮኹት አያ ደሳለኝ ናቸው። እነሱም እንደ እኔ አንገታቸውን ደፍተው ሲያርሱ ቢሆን ኖሮ ማን ያየኝ ነበር? በቃሬዛ አድርገው በዚያ ጭቃ ወደ መንገድ አወጡኝ። ከተሸከሙኝ አንዱ "ይሄ ሰውዬ እንዴት ይከብዳል" ሲል ሰማሁ። አያ ደሳለኝም "ዝም ብለህ ተሸከም፤ ከዳነ ነገ ማለዳ ሊያርስ ነው" አሉት። ከዚያ በመኪና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገባሁ።

እዚያ ስደርስ ምላሴ መፈታት ጀምሮ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት። የደም ግፊቴን ለካች፤ ደግማ ለካች።

"አባባ፣ ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል። ወደ አንጎልዎ የሚሄደው ደም ለጊዜው ተቋርጦ ነው የተመለሰው። ሁለተኛው እንዲህ ላይምርዎት ይችላል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ለመሆኑ መቼ ነው የሚያርፉት?"

"እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።"

"መሄድዎን አልጠየቅሁም፤ ማረፍዎን ነው።"

"ሲበሉ መብላትዎን ብቻ ያስቡ፤ ሲሄዱም መሄድዎን። ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብለው ቀስ እያሉ ይተንፍሱ፤ ትንፋሽዎን ብቻ ያዳምጡ" አለችኝ። ተናደድሁ። ስንፍና የምታስተምረኝ መሰለኝ።

ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ግን ጉልበት የለኝም። ማለዳ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ። ሌላ የምሠራው ስለሌለኝ፣ በንዴትም ቢሆን፣ እንዳለችኝ አደረግሁ። አየሩ ገባ፤ ወጣ። ደግሞ ገባ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ይህን ትንፋሽ እኔ አርሼ አላመጣሁትም። ስተኛም ስወድቅም ሲሰጠኝ የኖረ ነው። በጌታ ታመንሁ እያልሁ የታመንሁት በሁለት እጆቼ ነበር፤ አንዱ እጅ ሲከዳኝ ሁሉም ፈረሰ። እንባዬ ወረደ። ጌታ ይባረክ። እኔ በእውነት ያመንሁት ያን ማለዳ ነው።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ። "ወንድማችን በዓል ማክበር ጀመረ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ" ትላላችሁ። አልተመለስሁም። እሑድን አርፋለሁ፤ ጎረቤቶቼ ባረፉበትም ቀን በሬ አልጠምድም። ቀኑን ፈርቼ አይደለም፤ እኔን የጣለኝ አለማረፌ ስለሆነ ነው። ጌታችን ራሱ ደክሞት በማዕበል መካከል ተኝቷል። እኔ ከእርሱ እበረታለሁ?

ደግሞም "ክኒን እየዋጠ ምን ፈውስ አለው፤ በእምነት ይተወው" ያለኝ ወንድም እዚህ ተቀምጧል። አልተወውም። ጠዋት ክኒኔን በእጄ ይዤ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ እውጠዋለሁ። ግፊቱ ወርዷል፤ ጨርሶ ግን አልለቀቀኝም፤ አልዋሽም። እንቅልፌ ግን ተመልሷል። ማዕድ ላይ ስልኬ ይዘጋል። ልጆቼ አጠገቤ ሲቀመጡ የሚሉትን እሰማለሁ። ይህን ፈውስ አይደለም የሚል ካለ ይነሣና ይናገር።

እናንተም አባቶች፣ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁ ዝም የሚሉት በአክብሮት እንዳይመስላችሁ። ጭንቀታችሁን ፈርተው ነው። መጨነቅ ትጋት አይደለም፤ አምላክ የለኝም ብሎ እንደ መናገር ነው።

ዘንድሮ በቆሎዬ አረም በዝቶበታል። ከመንገድ ይታያል። ስታልፉ የማን ማሳ ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ የእኔ ነው። ነገ አርመዋለሁ፤ የሚበቃኝን ያህል ጌታ ያበቅልልኛል። እኔን ከፈለጋችሁኝ ከማሳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ከአያ ደሳለኝ ጋር ተቀምጫለሁ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ የደከመው ግን መጥቶ አጠገባችን ይቀመጥ። ቦታ አለ።