ግቡ ያልተባልንበት ደጅ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ከሸዋ ሮቢት ሲመለስ አንድ እስር ጥንቅሽ ይዞልኝ መጣ። ጥርሶቼ ከተለዩኝ ስንት ዘመናቸው፤ ልጁ ግን ይህን አላሰበውም። አልፈረድኩበትም። አንዱን አገዳ አነሳሁና ጉልበቴ ላይ ቀጭ አድርጌ ሰበርኩት። ድምፁ ያው ነው። ሽታውም ያው፣ እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር የሚል፣ ጣፋጭ። ልጁ "እማማ፣ አትበይም እንዴ?" ሲለኝ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ይፋት ቆላ ውስጥ ከግመል ኋላ እየሄድኩ ነበር።

ነገሩ በጣልያን ጊዜ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ደብረ ሲና ነው፤ ጉም ደጃፍ ላይ የሚያድርበት፣ ክረምት ከበጋ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድበት አገር። ታላቅ ወንድሜ ጫካ ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ሲዋጋ ከርሞ፣ አንድ ቀን ታፋውን በጥይት ተመትቶ በሰው ትከሻ መጣ። አጥንቱም ተነክቶ ነበር። በሳምንቱ ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ባንዶቹ ደግሞ ቤት ለቤት እየፈተሹ ወደ ሰፈራችን ተቃርበዋል። እናቴ ልጇን ከእነሱ ሰውራ፣ እግሩ ሳይበሰብስ ማጀቴ ከሚባለው የቆላ ከተማ ካለ አንድ ስመ ጥር ወጌሻ ዘንድ ማድረስ ነበረባት። ዋናው መንገድ ላይ የጣልያን ካሚዮን ይርመሰመሳል። የቀረን በቆላው በኩል፣ በየማሽላው መሀል፣ መንደር ለመንደር መሄድ ብቻ ነው። ያን መንገድ ደግሞ ከእኛ ቤት የሚያውቀው አልነበረም።

የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ። በገበያ ቀን ጥጥና ሎሚ እያመጡ ለእናቴ የሚሸጡ የይፋት ሙስሊም ናቸው። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሽርጥ የሚያገለድሙ፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ የማይሰሙ ሰው። እናቴ ከጥጥ ወሬ በቀር ከእሳቸው ጋር ያወራችው ነገር የለም። "አንተ" ነበር የምትላቸው። የባላባት ልጅ ነኝ ባይ ናት፤ ለጥጥ ነጋዴ አንቱ ማለት አልለመደባትም። የቅርብ ዘመድ ሁሉ ፈርቶ ሲሸሻት ግን የሄደችው ወደ እሳቸው ነው። ነገሯን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ "እመይቴ፣ ሦስት ቀን መንገድ ነው። አብሽሩ፣ ኢንሻ አላህ እናደርሰዋለን" አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

እስከ ዳገቱ ግርጌ ወንድሜን በበቅሎ አወረድነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ፤ ምድጃ የከፈቱብኝ ነው የመሰለኝ። ሁለት ግመሎች ተንበርክከው ይጠብቁን ነበር። በአንደኛዋ ጀርባ ላይ ከጎባጣ እንጨትና ከሰሌን ትንሽ ዳስ ሠርተዋል። ወንድሜ በእናቴ ነጠላ ተከናንቦ እዚያ ውስጥ ገባ። ለጠየቀ ሁሉ፣ እሱ ባል ቤት የምትወሰድ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ እኛ ደግሞ ማጀቴ ዘመድ ልንጠይቅ አብረን የምንሄድ መንገደኞች።

"ከአሁን ጀምሮ ሙሽራ ነሽ" አሉት። "ሙሽራ አትናገርም፤ አታስልም።"

ያን ሁሉ ጣልያን ያስሮጠ ጎበዝ፣ ጎፈሬው በሻሽ ተጠፍሮ ከሰሌን ውስጥ ሲያፈጥብኝ በሳቅ ልሞት! አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አላስችለው ብሎ ሲያስል፣ "አይ ሙሽራዬ፣ ድምፅሽ የበሬ ነው፤ ባልሽ ይደነግጣል" አሉት። ሥቃዩ ጥርሱን ሲያስነክሰው እንኳ ያስቁት ነበር። የማትስቀው እናቴ ነበረች። ሁለት ጋቢ ደርባ ነው ቆላ የወረደች።

"እመይቴ፣ ይህን ተሸክመው ሊዘልቁት ነው?" አሏት። "በእኛ አገር ጋቢ ለብሶ የሚታይ ብርድ ብርድ ያለው በሽተኛ ብቻ ነው።"

ላቧ እየተንጠፈጠፈ አላወልቅም አለች።

ሌሊት አይጓዙም። ሌሊት የሚሄድን ሰው ውሻውም ሰዉም ይጮህበታል ነው የሚሉት። ጎህ ሲቀድ እንነሳለን፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ሾላ ወይም ግራር ፈልገን እንሰፍራለን፤ በረድ ሲል ደግሞ እንነሳለን። አሰፋፈራቸውን ብታዩ! ግመሎቹን አንበርክከው፣ ጭነቱን በነፋሱ በኩል ደርድረው፣ አቡጀዲውን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ወጥረው፣ እኛ ላባችንን ጠርገን ሳንጨርስ ቤት ሠርተው ያቆዩናል። ድርቅ ያለ የወንዝ አሸዋ ላይ በርከክ ብለው በመዳፋቸው እየዳበሱ ይቆዩና "እዚህ ጋ" ብለው ሲምሱ ውሃ ይመጣል። የወንድሜን ቁስል ለብ ባለ የጨው ውሃ ያጥቡታል፤ እጃቸው በእናቴ እጅ እንኳ የማይገኝ ለስላሳነት ነበረው። ከዚያ ከባለእርሻው ለምነው ያመጡትን ጥንቅሽ ልጠው "ምጠጪ፣ ሙሽራዬ" ይሉታል። ዛሬ ያን መንገድ የልጅ ልጄ በመኪና ጥንቅሽ ሳይጨርስ ያልፈዋል። ያየሁትን ሳያይ ያልፋል ብዬ አዝንለታለሁ፤ እሱ ደግሞ በእግሬ መሄዴ ያሳዝነዋል።

አንድ ነገራቸው ብቻ እናቴን ያበግናት ነበር፤ ሰላምታቸው። መንደር ባየን ቁጥር ይቆማሉ።

"አሰላሙ አለይኩም!"

"ወአለይኩም ሰላም!"

"ደህና ናችሁ? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና? ማሽላውን ወፍ አልፈጀውም? ውሃው ደህና ነው?"

"አልሐምዱሊላህ! እናንተስ? ግመሎቹ ደህና? መንገዱ ደህና?"

አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። ሁሉም አልሐምዱሊላህ ነው። መጨረሻ ላይ "ግቡ! ግቡ እንጂ፣ ውሃ እንኳ ቅመሱ!" ይባላል፤ እሳቸው አመስግነው "እንገፋለን" ይላሉ። "ልጄ እየተቃጠለ የማሽላ ወሬ!" ትላለች እናቴ ዞር ብላ። አልፎ አልፎ ከሰላምታው በኋላ የጀመርነውን መንገድ ትተው በሌላ ይወስዱናል፤ ለምን እንደሆነ አይናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

በሁለተኛው ቀን የጀውሃን ወንዝ ተሻገርን። ከጉዟችን መጀመሪያ አንስተው የሚያወሩልን አንድ ቤት ነበር፤ የሟች አብሮ አደጋቸው ቤት። ባልየው ቢሞትም ሚስቱ አለች። "አርባ ዓመት በዚያ ደጅ ሳልፍ ግባ ሳልባል ቀርቼ አላውቅም" ይሉናል። "እዚያ ስንደርስ ሙሽራችን ከጥላ ትተኛለች፤ እርጎ ትጠጣለች።" ወንድሜ ያን ቀን ትኩሳቱ ብሶበት መቃዠት ጀምሮ ነበር። ከጀውሃ የቀዳነው አልቆ ቅላችን ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ያን ቤት ያን ቤት እያልን ነው የደረስነው።

ሴትዮዋ የአጥሩ በር ላይ ቆማ ተቀበለችን። ሰላምታው ተጀመረ። ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ማሽላው ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ከኋላዋ ከጥላው ሥር አንድ ትልቅ እንስራ ተቀምጧል፤ ሆዱ ላይ ውሃው ወዝቶ ሲንቆረቆር ይታየኛል። ሰላምታው አለቀ። ሴትዮዋ ዝም አለች።  መንገድ መሪያችን "በሉ ሰላም ዋሉ" ብለው የግመሏን ገመድ ሳቡ።

እናቴ ጦፈች። "አንቺ ሴትዮ! ውሃ ስጪን እንጂ!"

"ውሃ የለም" አለች ሴትዮዋ፣ ያን የሚያክል እንስራ ከኋላዋ እያለ።

"ክርስቲያን ስለሆንን ነው አይደል? የእግዜርን ውሃ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው!"

ሊሞትብኝ! ሙሽራ ናት የተባለችውን። ንዴቷ "ልትሞትብኝ" ማለቱን አስረስቷት ነው። መንገድ መሪያችን አልዞሩም፤ እርምጃቸውንም አላፈጠኑም። እኔ እናቴን በክንዷ ይዤ ልሮጥ ስል፣ "አትሩጪ" አሉኝ በዚያ በማይሰማው ድምፃቸው። "ጥንቅሽሽን እየበላሽ ሂጂ።"

አፌ ደርቆ ምራቅ የለኝም። በጥርሴ ስሰብረው ቀጭ ሲል ያገሩ ሰው ሁሉ የሰማው መሰለኝ።

አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ሾላ ሥር ሰፈርን። "አርባ ዓመት ያልከው ቤት ይሄ ነው?" አለቻቸው እናቴ። ምራቋን መትፋት ነበር የቀራት።

"ይሄ ነው" አሉ አሸዋውን እየማሱ። "ግባ ሳትለኝ የቀረችው ዛሬ ብቻ ነው። እመይቴ፣ ያቺ ሴት ማንንም ፀሐይ ላይ አቁማ አታውቅም። ግቡ ካላለችን ከቤቷ ውስጥ እንድናገኘው የማትፈልገው ነገር አለ።"

እናቴ ፊቷን አዞረች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ሴትዮዋ ራሷ ወተት የሞላ ትልቅ ቅል ታቅፋ በማሽላው መሀል መጣች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አምስት ባንዳ ነበሩ" አለች። "ከረፋድ ጀምሮ ቤቴ ተጋድመው። ምን ብዬ ግቡ ልበላችሁ? እመይቴ ሲጮሁ አንዱ ጠመንጃውን ስቦ ተነሳ። 'ሊሞትብኝ ነው የምትለው ማንን ነው?' አለኝ። 'እብድ ናት፤ ልጇ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ባለፈች ቁጥር እንዲሁ ናት' አልኩት። ተመልሶ ተኛ።"

 እናቴ የልጇን ሞት በሰው አፍ መስማቷ ነበር፤ ያ ሞት ደግሞ ልጇን አትርፎላታል። ከዚያ ቅሉን ተቀበለችና ወተቱን ቀድማ ተጎነጨች። ቀኑ ረቡዕ ነበር። እናቴ በጾም ቀን ወተት ስትቀምስ ያየኋት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ለወንድሜ አጠጣችውና ወደ መንገድ መሪያችን ዞረች።

"አንቱ" አለቻቸው፤ "ይቅር ይበሉኝ። አላወቅሁም።"

መፋቂያቸውን ካፋቸው አውጥተው እሷን ከማየት ይልቅ አሸዋውን አዩ። አፍረው ነበር መሰለኝ። ያን ሁሉ ሰላምታ ለምን እንደሚያበዙትም ያኔ ገባኝ። መንገዳችንን የሚያዩት በዓይናቸው ብቻ አልነበረም፤ ሰዉ እንዴት ብሎ ደህና እንዳለ፣ የቱ ጋ ዝም እንዳለ እየሰሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሰው የሚያዳምጥ ግን አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ማጀቴ ገባን። ወጌሻው የወንድሜን እግር አዳነው፤ ማንከሱ አልቀረለትም እንጂ። ስንለያይ እናቴ "አንድ ጋቢ በእጄ ፈትዬ እሰጥዎታለሁ" አለቻቸው። "ምን ላደርገው እመይቴ?" ብለው ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ደብረ ሲና ሲመጡ እንዲለብሱት ተስማሙ።

ጣልያን ወጣ። እናቴ አንድ ክረምት ሙሉ ፈተለች፤ ጥጡም ከእሳቸው የገዛችው ነበር። ጋቢው ተሸምኖ ሲያበቃ እሳቸው ገበያ መምጣት ካቆሙ ሰንብተዋል። ስለዚህ ወንድሜና እኔ ይዘንላቸው ወረድን። በየመንደሩ ወንድሜ ምርኩዙን ተደግፎ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ውሃው አንድም ሳያስቀር ይጠይቃል። በየደጁ ግቡ ተባልን።

ከመንደራቸው ስንደርስ ከአጥራቸው ውስጥ ቆመው አገኘናቸው። ከስተዋል፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ገና ከሩቅ በትራቸውን ዘርግተው አስቆሙን፤ በደስታ ነው የመሰለን።

"ሙሽራዬ! ባል አገኘሽ?"

ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። ሰላምታው ተጀመረ። እናታችሁ ደህና? እግርህ ደህና? ገብሱ ደህና? እኛም በተራችን ጠየቅን። ልጆቹ ደህና? አልሐምዱሊላህ። ቤቱ ደህና? አልሐምዱሊላህ። አንድ አላስቀሩም። ሰላምታው አለቀና ዝም አሉ።

ጠበቅን። ግቡ አላሉንም። ወንድሜ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሲራመድ ክንዱን ያዝኩት። አየኝ፤ ገባው። ጋቢውን ከአጥሩ ላይ አኖርኩና ወደ ኋላ ተመለስኩ። "እናቴ ናት የፈተለችው" አልኩ። 

"ሰላም በሉልኝ" አሉ። "በሉ ሰላም ዋሉ።"

እንዳስተማሩን ሳንሮጥ፣ ቀስ ብለን ሄድን። ከመንደሩ ማዶ ካለው ሾላ ሥር ስንደርስ ዞረን አየን። በዚያ ድንጋይ በሚያቀልጥ የቀትር ፀሐይ፣ ጋቢውን ተከናንበው ከአጥሩ ጋ ቆመዋል። ወንድሜ ምርኩዙን ከፍ አደረገላቸው። ከዓይናችን እስኪጠፉ አልገቡም።

ተስቦ ያን መንደር እየፈጀው መሆኑን የሰማነው ጀውሃ ስንደርስ ነው። በሳምንቱ የእሳቸው መርዶ መጣ። ወንድሜ እስኪሞት ድረስ "ብርድ ብርድ ብሏቸው ነው የለበሱት" ይል ነበር። እኔ ግን እንድናይላቸው ነው የለበሱት እላለሁ፤ አሁንም እንደዚያው እላለሁ።

ቤታችን የደረስን ዕለት፣ መርዶው ገና ሳይመጣ፣ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ግቡ አሏችሁ?" አለችን።

ወንድሜ ወደ መሬት አቀረቀረ። "አሉን" አልኳት። ደስ ይበላት ብዬም ጨመርኩ፤ "ጋቢውንም ወዲያው ለበሱት።"

"በዚያ ፀሐይ?" አለች።

እንዝርቷ ጭኗ ላይ ቀረ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።