በእሳቱ ቅጥር የተነበበው ዮናስ

ቹንዎል ባሕር ትፈራለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ባሕር እየጠለቀች፣ ከታች ያለውን ቀንድ አውጣና የባሕር አረም እየለቀመች የኖረች ሴት ባሕር ትፈራለች ቢሉት ማን ያምናል? ግን ትፈራለች። ጎማ ልብሷን ከማጥለቋ በፊት ከዓለቱ ጀርባ ዞር ብላ ታስመልሳለች። ከዚያ እንፋሎት እንዳይሸፍነው የውኃ መነጽሯን በጭቁኝ ቅጠል ትወለውላለች፤ ሌሎቹ ገብተው እስኪያልቁ ድረስ ትወለውላለች። ጠላቂዎቹ «መነጽር አጣቢዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እሷም «ፈሪ ለእናቱ ይገባል» ብላ አብራቸው ትስቃለች። እናቷ ግን በስምንት ዓመቷ ከዓለት ላይ ገፍትራ ባሕር ውስጥ የጣለቻት ሴት ነበረች፤ በኮሪያ፣ በጄጁ ደሴት፣ በእነሱ መንደር፣ ለሴት ልጅ ዋና የሚያስተምሩት እንደዚያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቷ ለመናገር አይረዝምም። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ አገባች፤ ሁለት ልጆች ወለደች፤ የመጀመሪያውን በወለደች በአሥረኛው ቀን ተመልሳ ውኃ ገባች። ባሏ ወገቡን ታሞ ቤት ሲውል ቤቱን በትንፋሿ ያዘችው። በትንፋሿ ስል የምሬን ነው፤ አንድ ትንፋሽ ይዞ መውረድ፣ አንድ ነገር ይዞ መውጣት።

ይህን ሁሉ ዘመን ፍርሃቷን የቻለችው ከጎኗ ጉምሱን ስላለች ነበር። ጉምሱን ድምፀ ጎርናና፣ ሳቂታ፣ ከጠላቂዎቹ መካከል የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው አንዷ ሴት ነበረች። እሑድ ከሆነ ባሕሩ ወተት መስሎ ቢተኛ እንኳ አትጠልቅም። ሌሎቹ የባሕሯ አያት ለሚሏት መንፈስ ሩዝ ሲወረውሩ ቆማ ታያለች። «ያንቺ ጌታ መች ጠልቆ ያውቃል?» ብለው ሲያሾፉባት «በላዩ ላይ የሚሄድ ሰው ምን አስጠለቀው!» ትላቸዋለች። አንድ ቀን እሳት እየሞቁ ሳለ ለቹንዎል እንዲህ አለቻት፦ «ባሕር ከወሰደኝ ቃልቻ እንዳትጠሩብኝ። እዚሁ እሳቱ ዙሪያ ተቀምጣችሁ መጽሐፌን አንብቡልኝ። የምታምኑትም የማታምኑትም፣ ሁላችሁም።» ቹንዎል «አታሟርቺ!» ብላ ጉልበቷን መታቻት፤ ግን እሺ አለቻት።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ጉምሱንን ባሕር ወሰዳት። ከዓለት የሚፈነቅሉበትን ብረት ከትልቅ ዛጎል ሥር ሰክታ ሳታነሣው ዛጎሉ ብረቱን ነክሶ ተጣበቀ። የብረቱ ማሰሪያ ደግሞ ከእጇ አንጓ ላይ ነው። በቅርብ የነበረችው ቹንዎል ነበረች። ጠላቂ ሁሉ ብቅ ሲል የሚያሰማው የየራሱ ፉጨት አለው፤ የጉምሱን ፉጨት ሲዘገይባት ቹንዎል ወረደች፤ የታሰረውን እጅ አየች፤ ብረቱን ጎተተች፤ የገዛ ትንፋሿ አለቀና ወጣች። አየር ሳበች። አሁን ሁለተኛ መውረድ ነበረባት። አልወረደችም። ተንሳፋፊ ኳሷን አቅፋ ቀረች፤ እግሯ እምቢ አለ፣ ሆዷ እምቢ አለ። ሌሎቹ ዋኝተው ሲደርሱ «ሁለቴ ወረድኩ፤ አልላቀቅ አለኝ» አለቻቸው።

ውሸቱ ያመለጣት ሳታስበው ነበር፤ ካመለጠ በኋላ ግን የሚመለስ አልሆነም። በቀብሩ ቀን የጉምሱን ልጅ ኢንጃ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ ሰገደችላት። «ሁለቴ ወርደሽላታል፤ እስክሞት አልረሳውም» አለቻት። በማግሥቱ ቹንዎል ገብስ እያጠበች ሳለ የጉምሱንን ፉጨት ሰማች፤ ዘወር ስትል የፈላ ማንቆርቆሪያ ነው። ማንቆርቆሪያውን አውጥታ ደጅ ወረወረችው።

ይህ ሁሉ ግን ቀጥሎ ከመጣው አይብስም። የጠላቂዎቹ አለቃ፣ ሁሉም አክስት የሚሏት ማልሱን፣ የሰባ አንድ ዓመት ባልቴት፣ ሴቶቹን ሰብስባ «ነፍሷ ከባሕር ሳትወጣ ማንም ውኃ አይገባም፤ የሰጠመ ሰው ጓደኛውን ይጎትታል። ቃልቻዋን እንጠራለን» አለች። በዚያ ሥርዓት መጨረሻ ላይ ሟች በቃልቻዋ አፍ ይናገራል። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ የሰጠመ ዓሣ አጥማጅ በዚያች ቃልቻ አፍ የወንድሙን ጥፋት አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ወንድምየው በሳምንቱ መንደሩን ጥሎ ጠፍቷል። ቹንዎል ያን ቀን እዚያ ነበረች። የወንድምየው ፊት እንዴት እንደ አመድ እንደሆነ አይታለች።

የጉምሱን አደራ ትዝ ያላት ያኔ ነው። አደራው እውነት ነው፤ ያስሮጣት ግን አደራው አልነበረም። ቃልቻ ሟች ታናግራለች፣ መጽሐፍ ግን የተጻፈውን ብቻ ነው የሚናገረው ብላ ነው። እናም ያቺ ፈሪ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ያልከፈተችውን መጽሐፍ ልታስነብብ ከቤት ቤት ዞረች።

መጀመሪያ የሄደችው ከቡድሃ ቤተ መቅደስ የማትጠፋው ምላሰኛዋ ቦክሬ ዘንድ ነው።

«ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ፓስተር የሆንሽው?» አለቻት ቦክሬ። «ባሕር ሲያስመልስሽ እንጂ ስትሰብኪ አይቼሽ አላውቅም።»

«የጉምሱን አደራ ነው፣ እህቴ።»

«እሷማ ሞታም አታስቀምጠንም! እሺ። ግን መቁጠሪያዬን ይዤ ነው የምቀመጠው። ነፍሴን ሊወስዱ ቢመጡ ባዶ እጄን አያገኙኝም።»

ቀጥላ ካቶሊኳ ቡኒም ዘንድ ሄደች። ቡኒም ደስ ቢላትም አንድ ነገር አስጨነቃት። «የነጉምሱን መጽሐፍ አምላክን የሚጠራበት ስም ከእኛ በአንድ ፊደል ይለያል። እኔ በእኛው ነው የምጠራው።»

«በፈለግሽው ጥሪው፣ ብቻ ነይልኝ። አጭር ክፍል ምረጪልኝ፤ ባሕር ነገር ቢኖርበት ጥሩ ነው።»

«ዮናስ አለ። ሁለት ገጽ ነው፤ ከነባሕሩ።»

ቹንዎል ዮናስ ማን እንደሆነ አታውቅም። ሁለት ገጽ መሆኑ በቃት።

የመጨረሻዋ አክስት ማልሱን ነበረች። «የሟች አደራ ነው ካልሽ አልከለክልም» አለች። «መጀመሪያ ግን ሩዜን በነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ለባሕሯ አያት እወረውራለሁ። ሌላው፣ እሳቱ ዙሪያ የሚደረግ ነገር በእሳቱ ሥርዓት ነው የሚደረገው። እሺ?»

«እሺ አክስቴ፣ እርስዎ እንዳሉ» አለች ቹንዎል። ሥርዓቱ ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም። ሰው ሲሸሽ የሚረግጠውን አያይም።

ቅዳሜ ጠዋት አምስቱ ሴቶች በእሳቱ ቅጥር ተሰበሰቡ። ቅጥሩ ነፋስ እንዳያስገባ በጥቁር ድንጋይ የተከበበ ነው፤ ልብስ የሚቀይሩትም፣ ሰው የሚያሙትም፣ የሚማከሩትም እዚያው ነው። አቀማመጡ እንደ ጠላቂነት ማዕረግ ነው፤ ማልሱን ጢስ በማይደርስበት በኩል፣ ቀጥላ ቦክሬ፣ ቡኒም፣ ቹንዎል። ጀማሪዋ ጠላቂ ኢንጃ ጢሱ መሐል። ንባቡም በዚያው ተራ እንዲሆን ተስማሙ፣ ሁለት ሁለት ቁጥር። ማልሱን ፊደል ስለማታውቅ ቡኒም እያነበበችላት ደገመች።

አጀማመሩ የሚያስፈራ አልነበረም። ዮናስ የሚባል ሰው አምላኩ ሂድ ወዳለው አልሄድም ብሎ በመርከብ ሸሸ።

«በባሕር?» አለች ቦክሬ ተራዋን አቋርጣ። «አምላኩን ሸሽቶ በባሕር? ይሄ ሰውዬ ደህና አይደለም። ባሕር መች ሰው ደብቆ ያውቃል!»

ኢንጃ ሳይቀር ሳቀች። ቹንዎልም ሳቀች፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ደረቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር የገባበት መሰላት። ይኸው እያለቀ ነው አለች በልቧ። አንድ ገጽ ተኩል፣ ከዚያ እሳቱን አጥፍቶ መሄድ ነው። ማዕበሉ ተነሣ፤ መርከበኞቹ ጭነታቸውን ጣሉ፤ ሰውየው ግን ከታች ተኝቶ ነበር። ቡኒም እዚህ ላይ አቆመችና መጽሐፉን ለቹንዎል ሰጠቻት።

ቹንዎል አነበበች። መርከበኞቹ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ዕጣውም በዮናስ ላይ ወደቀ። ቀጣዩ መስመር መርከበኞቹ፣ ይህ መዓት በማን ምክንያት እንደደረሰባቸው እንዲነግራቸው ሰውየውን የሚጠይቁበት ነው። ጥያቄውን በጥድፊያ አነበበችና መጽሐፉን እንደ ጋለ ብረት ለኢንጃ አሳለፈችው።

«ቆይ» አለች ማልሱን። «ተጠየቀ እኮ።»

«አክስቴ፣ የተጠየቀው ዮናስ ነው» አለች ቡኒም። «እኛን አይደለም።»

«ማንም ይጠየቅ። እሳቱ ዙሪያ በሟች ስም የተጠየቀ ነገር ሳይመለስ አይታለፍም፤ ካልመለስን ነፍሷ አትሄድም። ቃልቻዋ ብትጠይቅ አትመልሱም ነበር? በማን ምክንያት ነው ተብሏል። በተራ እንመልሳለን። እኔ እጀምራለሁ።» አሮጊቷ እጆቿን ወደ እሳቱ ዘረጋች። «የዚያን ቀን ነፋሱ እንደዞረ አይቻለሁ። ቢሆንም ግቡ አልኳችሁ።»

ቦክሬ መቁጠሪያዋን ጨበጠች። «ትልልቁ ከዚያ ቋጥኝ ሥር ነው፣ አንቺ ግን አትደፍሪም ያልኳት እኔ ነኝ» አለች። «ላበሽቃት ነበር። ታውቋታላችሁ፣ አትደፍሪም ካሏት…»

«ፉጨቷ መቅረቱ ተሰምቶኛል» አለች ቡኒም በዝግታ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልውረድና ወደ እሷ እሄዳለሁ ብዬ ወረድኩ። አንድ ዛጎል ይዤ ወጣሁ። ያኔ ረፍዷል።»

ተራው የቹንዎል ሆነ። ከቃልቻዋ ሸሽታ የመጣችው ለካ ወደዚህ ኖሯል። ያው የለመደችው ውሸት አፏ ላይ ነው፤ ሁለቴ ወረድኩ ብትል የሚያስተባብላት በሕይወት የለም። ኢንጃ በጢሱ ውስጥ ሆና እያየቻት ነበር፤ የአደራ ዕቃ የሰጡትን ሰው እንደሚያዩ በእምነት እያየቻት። ቹንዎል ከዚያ ዓይን በላይ የፈራችው ነገር በዕድሜዋ የለም።

«አንዴ ነው የወረድኩት» አለች። «ሁለተኛ አልወረድኩም። ትንፋሽ ነበረኝ። ፈራሁ።»

ከቅጥሩ ውጭ ነፋሱ ድንጋዩ መሐል እየገባ ያፏጫል። ቹንዎል ማልሱን ተነሥታ እንድታባርራት ጠበቀች፤ ቦክሬ እንድትሰድባት ጠበቀች፤ ስድብ በሆነ ብላ ተመኘች።

«ተመልሷል» አለች ማልሱን። «ኢንጃ፣ ቀጥዪ።»

ኢንጃ መጽሐፉን ቀና አደረገች። ዮናስ ማን እንደሆነና ከማን እየሸሸ እንደሆነ ተናገረ። ሰዎቹም እጅግ ፈሩ፤ ምን ማድረግህ ነው አሉት። ልጅቷ ይህቺን ጥያቄ ካነበበች በኋላ ንባቧን አቆመች። ጣቷ መስመሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሰገድኩልሽ» አለች።

«አዎ ልጄ።»

«ግንባሬን መሬት አስነክቼ።»

«አዎ።»

«ሰኞ ውኃ እገባለሁ። አንቺም ትገቢያለሽ። እኔ ከታች ብቀር ሁለተኛ ትወርጃለሽ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ማንኛዋም ጠላቂ አዎ ትል ነበር።

«አላውቅም» አለች ቹንዎል። «እወርዳለሁ ብልሽ ደስ ይለኛል። ግን አላውቅም፣ እፈራለሁ።»

ቦክሬ የሆነ ነገር ልትል ስትል ማልሱን በዓይኗ ገሠጸቻት።

«እናቴ ላንቺ ትወርድ ነበር» አለች ኢንጃ። «ሦስቴም አራቴም። እዚያው ትቀራለች እንጂ አትተውሽም።»

«አውቃለሁ።»

ኢንጃ መጽሐፉን ለማልሱን አሳለፈች፣ ተራው የአሮጊቷ ነበርና። ቡኒም መስመሩን ፍለጋ ጎንበስ ስትል ልጅቷ ቹንዎልን ሳታያት እሳቱን እያየች ተናገረች።

«ለማንኛውም ሰኞ ከጎኔ ሁኚ» አለቻት። «ሌላ ሰው የለኝም።»