እግሩን ያላነሳው ሰውዬ

ዛሬ ቀትር ላይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቢሯችን ውስጥ፣ ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ የኔትወርክ ገመድ ስቀጥል፣ አዲሱ ሠራተኛ እግሩን እንኳን ሳያነሳልኝ፣ እንደ ሰፈር ልጅ «ወሪያ፣ አልጨረስክም እንዴ?» አለኝ።

አልተናደድኩም። (እሺ፣ ትንሽ ተናድጃለሁ።)

የድሬን ቀትር ታውቁታላችሁ አቦ። ቬንትሌተሩ ከላይ ሲዞር፣ ወለል ላይ የተኛ ሰው ሳያስበው ወደ ድሮ ይሄዳል።

ያኔ በዚህ ቢሮ የነበረው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዳንቴል ለብሶ። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ጭምር፣ አቧራ እንዳይነካው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። እኔ ስመጣ «ኢንጂነር መጣ» ተብሎ ወንበር ይለቀቅልኛል። ዲፕሎማዬን እንኳን ገና አልጨረስኩም ነበር!

ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተሩን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ማን ይፈራኛል?

ይህን ሳስብ ሁለት ባዶ እግሮች ቀስ ብለው ሲመጡ በጠረጴዛው ሥር አየሁ። ከድሮ ጀምሮ መዝገብ ቤት የሚሠሩት እትዬ ፋጡማ ናቸው። ጫማቸውን ዛሬም በር ላይ አውልቀውታል።

ቀዝቃዛ ውሃ አጠገቤ አስቀመጡና ወደ ሰውዬው ዞሩ፤ «እግርህን አንሳ እንጂ፣ ኢንጂነር ሥራ ላይ ነው።»

አነሳ።

ገመዱን ቀጥዬ ከጨረስኩ በኋላም ከዚያ ጠረጴዛ ሥር መውጣት አላሰኘኝም።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ፣ ጫማውን ማውለቅ ያልተወ ሰው አለ?