ድምፄን ያላሳመረው ስፒከር

ልጄ ትርንጎ የዘመርኩትን መዝሙር በኮምፒዩተር ቀድታ ነበርና፣ ድምፁን የምታስተካክልበት ስፒከር ልንገዛ ቡሬ ወጣን። መቼም የዘመርኩት ለእግዚአብሔር ክብር ነው እንጂ ድምፄን አገር ይስማልኝ ብዬ አይደለም። እኔ የማውቀው ስፒከር ለንግሥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሰቀለውን ነው፤ ስለዚህ ይዘነው የመጣነውን መዝሙር ከሱቁ በትልቁ አስከፈትኩ። መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ። ድምፄ የመልአክ መሰለኝ።

«ይኸ ነው!» አልኩ።

«አባየ፣ እሱ ሁሉንም ያሳምራል። እኔ ስሕተቱን የሚያሳየኝን ነው የምፈልግ» አለችና ሁለት ትናንሾችን አስከፈተች።

ድምፄ ቀጠነ፣ ሻከረ።

«ይኸስ ተበላሽቷል» አልኩት ሻጩን፣ ሰይድን።

«ኧረ ደኅና ነው ጋሼ! እንደዘመሩት ነው የሚያወጣው» ብሎ ሳቀ።

«እስቲ የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩ?» ብዬ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከመዝሙሩ ሥር፣ በትልቁ ስፒከር ያልተሰማ ሹክሹክታ ጥርት ብሎ መጣ። ሲቀዳ ከኋላዬ ሆና መዝሙሩን ስትቀበለኝ የነበረችው ባለቤቴ ናት፤

«እመቤቴ ማርያም፣ ባክሽ ቶሎ አስጨርሺው።»