ኦያኔ፣ ባሏና ወንድሟ

ኦያኔ በሚትዚክ ከተማ፣ በፈረንሳዮች የጦር ሰፈር በር ላይ፣ በቅጠል ጠቅልላ የቀቀለችውን ካሳቫ ትሸጥ ነበር። ባሏ ኦቮኖ እዚያው ወታደር ነው። ታናሽ ወንድሟን ኤሶኖን፣ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ኤሶኖ ሚስት ያገባውም ኦቮኖ ለኦያኔ በሰጠው ጥሎሽ ነበር። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ካሜሩን ገባና በዚያው ቀረ።

እንደ ፈረንጆች በ1940 ጀርመን ፓሪስን ያዘ ተባለ። የእኛ ነጮች፣ የሚገዙን ፈረንሳዮች፣ ለሁለት ተከፈሉ። እጅ የሰጠው መንግሥት ቪሺ በምትባል ከተማ ተቀመጠ፤ አንገዛም ያሉት ደግሞ ራሳቸውን "ነጻ ፈረንሳይ" አሉ። የኦቮኖ አዛዥ ለቪሺ አደረ፤ ስለዚህ ኦቮኖም ማንም ሳይጠይቀው ቪሺ ሆነ። ካሜሩን ለነጻዎቹ ገብታ ስለነበር፣ ኤሶኖም እዚያ ጠመንጃ ሲሰጡት ነጻ ሆነ።

በጥቅምት ነጻዎቹ ሚትዚክን ከበቡ፤ ሰፈሩ ተኩሶ ተኩሶ እጁን ሰጠ። ምርኮኞቹን አሰለፏቸው። ኦቮኖ ጭኑን ቆስሏል። ከአሸናፊዎቹ መሃል ኤሶኖን ስታይ ኦያኔ እየሮጠች እግሩ ላይ ወደቀች።

"ወንድሜ! ኦቮኖን አውጣልኝ!"

ነጩ ሳጅን ዞር አለ። "ዘመድህ ነው እንዴ?"

"ቪሺ ዘመድ የለኝም" አለ ኤሶኖ፤ የኦቮኖን የቆሰለ ጭን በጫማው ረገጠው። ሳጅኑ ሳቀ።

ምርኮኞቹ የጥይት ሳጥን ተሸክመው፣ ገና በቪሺ እጅ ወዳለችው ላምባሬኔ ከተማ በጫካ ተነዱ። ጠባቂያቸው ኤሶኖ ነበር። ላምባሬኔ ተይዛ ሲመለስ፣ "ኦቮኖን ወባ ገደለው" አላት። አመነችው። ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በኋላ ከኦቮኖ ጋር ሳጥን ተሸክሞ የነበረው ምርኮኛ ንዙዌ ሊያስተዛዝናት መጣ።

"ወባ ነው አለሽ? ኦቮኖ መንገድ ላይ ወደቀ። ኤሶኖ 'ተነሳ!' አለው። 'አማቼ፣ እግሬ እምቢ አለኝ' ብሎ ለመነው። በሰደፍ መታው። ሳጅኑ እኮ ቀድሞን ሄዷል፤ ማንም አላዘዘውም። ሳጥኑን እኔ ላይ ጨመረብኝና እሱን ወደ ጭቃው ገፋው። ስናልፈው ገና ይተነፍስ ነበር።"



ከዚያ ጃፓን የሩቅ ምሥራቅን የጎማ እርሻዎች ያዘች። እኛ ዘንድ "የጦርነት ጥረት" የሚባል ነገር መጣ፤ ትርጉሙ እያንዳንዱ ቤት ከጫካ ሐረግ እየቆረጠ፣ ወተቱን አርግቶ ጎማ ያምጣ ማለት ነው። ሰብሳቢው ኤሶኖ ሆነ። የኦያኔ ጎማ ጎደለ።

"እቴ፣ ይሄ አይሞላም።"

"ማን ይቁረጥልኝ? ጫካ የሚገባልኝን ሰው አንተ ጭቃ ውስጥ ጥለኸው መጣህ።"

አደባባዩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። ኤሶኖ ፊቱ ጠቆረ። አለንጋውን ለዘበኛው ሰጥቶ፣ "እህቴ ናት ብለህ እንዳትለሰልስ" አለው። የጀርባዋ ቆዳ ተልጦ አመርቅዞ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ጀርባዋ ላይ ቅርጫት ማሳረፍ አልቻለችም።

ጦርነቱ ሲያልቅ "አሸነፍን" ተብሎ ባንዲራ ተሰቀለ፤ እንድንጨፍር ታዘዝን፤ ጨፈርን። ኤሶኖን ወዲያው አሰናበቱት። ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነበር፤ ሆዱ አብጦ፣ እግሩ እንደ ግንድ ሆኖ የኦያኔ ደጃፍ ላይ መጥቶ ወደቀ።

"እቴ፣ ውሃ።"

ካሳቫ እየወቀጠች ነበር። ቀና ብላ በደንብ አየችው።

"ወንዙ ያውልህ" አለችው። ሙቀጫዋን ይዛ ገባችና በሯን ዘጋች።

ሰዎች ተሸክመው የወንዶች ማረፊያ ዳስ ውስጥ አስተኙት። ብዙ አልቆየም። በእኛ ዘንድ ለወንድም ለቅሶ የምትጀምረው ታላቅ እህት ናት፤ እሷ ካልጮኸች ሌላው አፉን አይከፍትም። እንድጠራት የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ኦቾሎኒ እርሻዋ ላይ አጎንብሳ አገኘኋት።

"እትዬ ኦያኔ፣ ሰው ሁሉ አንቺን ይጠብቃል።"

"አልቅሱለት" አለችኝ፤ ቀና አላለችም። "እኔ አረም ይዤአለሁ።"

ሬሳው ያለ ጩኸት ተቀበረ። እሷ እስኪመሽ ድረስ አረመች።