ያላየሁት አደጋ

ባለፈው ሳምንት ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ጳጉሜ ገብታለች፤ ዝናቡ ገና አባርቶ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ሬዲዮው የዓመቱን የትራፊክ አደጋ ዘገባ ያሰማ ነበር። አንባቢዋ ለስለስ ያለ ድምፅ አላት። «ካለፈው ዓመት ጋር ሲነፃፀር» እያለች የሞቱትን፣ ከባድና ቀላል ጉዳት የደረሰባቸውን፣ የወደመውን ንብረት ተራ በተራ አወረደችው። ሾፌሩ ወጣት ነው። «ዘንድሮም ጨመረ አይደል፣ አባባ?» አለኝና ሬዲዮውን ወደ ዘፈን አዞረው።  ጊዮርጊስ ድረስ ልሄድ የነበርኩት ሰውዬ አራት ኪሎ ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩና በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት።

ይህ ዘገባ በየዓመቱ ሲነበብ እንዲህ ያደርገኛል። ምክንያቱን ለባለቤቴም አጥርቼ ነግሬያት አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ ከእናቴ ጋር ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን ተቀምጫለሁ። ሥራ የለኝም። ጠዋት ለእናቴ የስኳር ሰልፍ እይዝላታለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ፒያሳ ወጥቼ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ማኪያቶ ለሦስት እንጠጣለን። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያኮራኝ። የማንንም ሰው አካሄድና አነጋገር መቅዳት እችል ነበር። ልጆቹ ሰብሰብ ሲሉ «እስቲ እገሌን አምጣው» ይሉኛል፤ እኔም አመጣዋለሁ። የአራዳ ልጅ በቀላሉ የሚስቅ እንዳይመስላችሁ፤ እሱን ማሳቅ ለእኔ ሥራ ከማግኘት አይተናነስም ነበር። በዚህ ችሎታዬ የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ገባሁ።

ከምቀዳቸው ሰዎች ሁሉ ተወዳጁ ጋሽ ፈለቀ ነበሩ። ታክሲ ነጂ ናቸው። ከዚያች ሰማያዊና ነጭ ቀለም ከተቀባች ትንሽ መኪናቸው ሲወጡ ቁመታቸው ተጣጥፎ የተቀመጠ ወንበር ሲዘረጋ ይመስላል። አመሻሽ ላይ ጠጅ ቤት ጎራ የማለት ልማድ ነበራቸው። ሲወጡ ግራ ትከሻቸውን ጣል አድርገው፣ ያገኙትን ሁሉ «የኔ ጌታ» እያሉ፣ የግንቡን ጥግ ይዘው ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ። ጠጥተው ግን መሪ አይጨብጡም፤ መኪናዋን መጀመሪያ ግቢ ያስገባሉ። ለበዓል እናቴ የገዛችውን በግ በዚያች መኪና ጣሪያ ላይ አስረው አምጥተውልን፣ በጉ መንገዱን ሙሉ ሲጮህ ሰፈሩ እየሳቀ ተቀብሎናል። ዋጋ ስትጠይቃቸው «የኔ ጌታ፣ እሱ ራሱ እየዘፈነ ነው የመጣው» ብለው ሄዱ።

አደጋው የደረሰው በሐምሌ ነው፣ በጠዋት። ጋሽ ፈለቀ ገና ሰው ሳይጭኑ ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ በሚወስደው ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አላቸው። ጥሩምባ እየነፉ ሲወርዱ ጋሽ እንድሪስ መንገድ እያቋረጡ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ልብስ የሚሰፉ፣ ከወሎ መጥተው ሰፈራችን የኖሩ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። የሰፉትን የተማሪ ዩኒፎርም በሁለት እጃቸው ታቅፈው ስለነበር መኪናዋን ዘግይተው ነው ያዩት ተባለ። ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ። ጋሽ ፈለቀ በፖሊስ ተያዙ።

ተባለ የምለው እኔ ስላልነበርኩ ነው። በዚያ ሰዓት እቤት ተኝቼ ነበር። የሰማሁትን የሰማሁት ሰፈሩ ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ የትራፊክ ፖሊስ መኮንን ወደ ቀበሌያችን መጡ። የአደጋው ቁጥር አምና ከካቻምና እንደበለጠ፣ ዘንድሮ ደግሞ አምናን እንዳስናቀ በግራፍ አሳዩን፤ ቀይዋ መስመር ዓመት በዓመት ሽቅብ ትወጣለች። ለነዋሪው ትምህርት የሚሰጥ ድራማ እንድንሠራ ጠየቁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወጣት፣ ፈጣን፣ ከበላይ አካል ምስጋና ማግኘት የሚወድ ሰው ነበር። የጋሽ እንድሪስን አደጋ እንድንሠራው ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው። ከቡድናችን አንዱ፣ ፍሬኑ እኮ ነው፣ ለመኪኖቹ ዕቃ ከየት ይምጣ፣ ብሎ ጀመረ። ሊቀመንበሩ አላስጨረሰውም። የመለዋወጫ እጥረት የሚባለው ነገር መንግሥትን ማስወቀስ ስለሆነ እንዳይነሳ፣ ሾፌሩ ሰካራም ቢደረግ ግን ትምህርት እንደሚሆን ነገረን።

በእሱ ላይ ብቻ ባሳብብ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ወዲያው ተቀብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ፍሬን መድረክ ላይ እንዴት ይሠራል? ስካር ግን ያስቃል» አልኩ። የጋሽ ፈለቀን አካሄድ እዚያው ተነስቼ አሳየሁ። ሁሉም ሳቀ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። መጨረሻውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳቁ በለቅሶ እንዲዘጋ ፈልጌ ሟቹ በሾፌሩ ክንድ ላይ ሆኖ «ልጆቼን አደራ» እንዲል አደረግኩ።

የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከመቅረት መምጣት ይሻል ነበር በዚያ ዘመን። የእርጥብ ጋቢና የጫማ ጭቃ ሽታ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ግራ ትከሻዬን ጣል አድርጌ «የኔ ጌታ» እያልኩ ብቅ ስል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ስሙን ብንቀይርም ማን መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። ሟቹ «ልጆቼን አደራ» ሲል ደግሞ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እጅ ስነሳ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

የጋሽ እንድሪስ ባለቤት፣ እትዬ ዘይነባ፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንደነበሩ አላወቅኩም። ማንም የሚመጡ አልመሰለውም ነበር።

በማግስቱ እቤታችን መጡ። እናቴ ወንበር አቀረበችላቸው። ጥቁር ሻሻቸውን እያስተካከሉ ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ቀን አንተ ከጎኑ ነበርክ?» አሉኝ።

ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው ቀጠሉ።

«ካላየ ሰው እንደዚያ አይሆንም። እጁን ሳይቀር እንደሱ ልማድ ነው ያንጠለጠላችሁት። እኔ ስደርስ ወስደውት ነበር፤ ያየ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ልጆቼን አደራ ያለው እውነት ነው? በአፉ ብሎታል?»

እናቴ እያየችኝ ነው። ትናንት ያጨበጨበልኝ አዳራሽ ገና ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፈጠራ ነው፣ ሰውን ለማስለቀስ ነው፣ ማለት ነበረብኝ። ፊታቸውን ሳየው ግን መልሱን አስቀድመው የወሰኑ፣ እንድሰጣቸው ብቻ የሚጠብቁ መሰለኝ።

«አዎ» አልኩ።

ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። ያለ አንዲት ቃል ነው የሄደው እያሉ ሲቃጠሉ እንደከረሙ ነገሩን። መረቁኝ፤ ግንባሬን ሳሙኝና ወጡ። በነጋታው ትልቋ ልጃቸው ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት፣ ላዩ ወዝ ያለው ዳቦ። በልቼዋለሁ። እናቴ አልቀመሰችም። «ያን ጠዋት የቀሰቀስኩህ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እትዬ ዘይነባ ግን ላገኙት ሁሉ ምስክር መገኘቱን ይናገሩ ጀመር፤ መርማሪው ጆሮም ደረሰ። ሾፌሩ ሰክሮ እንደነበር በዓይኑ ያየ ልጅ አለ ተባለ። ጥቅምት ላይ ፍርድ ቤት እንድቀርብ መጥሪያ መጣልኝ።

ወደ ሊቀመንበሩ ሮጥኩ፤ አልነበርኩም፣ ድራማ ነው ብለህ ንገርልኝ አልኩት። እሱ ግን ድራማው ከበላይ ተመስግኖ ነበር፤ በሌሎች ቀበሌዎችም ሊታይ ነው። ሾፌሩ ቢፈረድበት ለሌላው መቀጣጫ እንደሚሆን አስረዳኝና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

«መድረክ ላይ ያልከውን ነው የምትደግመው። ምን ይከብዳል?»

ዛቻ አልነበረበትም። በዚያ ዘመን ግን ሰው ዛቻ ያልሆነውንም እንደ ዛቻ መስማት ለምዷል። እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ አንዱን ስይዝ ሌላውን ስጥል ከረምኩ። አንዴ እደግመዋለሁ እላለሁ፤ አንዴ ክፍለ ሀገር አክስቴ ጋ ልጥፋ ብዬ አስባለሁ። እውነቱን ለመናገር ቆርጬ ወደ ችሎት ገባሁ ብል ዋሸሁ። ስገባ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

ጋሽ ፈለቀ በፖሊስ ታጅበው ቆመዋል። ፀጉራቸው ተላጭቷል፤ ኮታቸው የሌላ ሰው መስሏል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ሊጠይቃቸው የመጣ የጎረቤት ልጅ መስዬአቸው ነው። በጭንቅላታቸው ሰላም አሉኝ።

ዳኛው ካስማሉኝ በኋላ አደጋው ሲደርስ የት እንደነበርኩ ጠየቁኝ።

«እቤት ተኝቼ ነበር» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ታዲያ ተከሳሹ ሰክረው እንደነበር በምን እንዳወቅኩ ጠየቁኝ። አላወቅኩም፣ ሲሄዱ አይቼ የምቀዳቸው ከጠጅ ቤት ሲወጡ ነው፣ ያን ጠዋት አላየኋቸውም አልኩ። የቀረው ጥያቄ እንዳይመጣ በልቤ እየለመንኩ ነበር። መጣ።

«ሟች ተናገሩት የተባለው ቃልስ?»

እትዬ ዘይነባ ከጀርባዬ ተቀምጠዋል። አልዞርኩም።

«እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዲያለቅስ ብዬ ነው» አልኩ።

ጋሽ ፈለቀ ድራማውን ያኔ ነው የሰሙት። ቀና ብዬ ሳያቸው ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አንስተው መሬት መሬት ያያሉ። በኋላ መኪናዋን የመረመረው መካኒክ ስለ ፍሬኑ መሰከረ። ፍሬኑ እያስቸገረ መሆኑን እያወቁ በመንዳታቸው ጥፋተኛ ከመባል አልዳኑም፤ ቅጣታቸው ግን ቀለለና ለፋሲካ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልነፈጉኝም። «የኔ ጌታ» ግን ዳግመኛ ብለውኝ አያውቁም። ታክሲም አልነዱም።

ከችሎት ስንወጣ እትዬ ዘይነባ ቀስ እያሉ መንገዱን ይዘው ሲሄዱ ደረስኩባቸው። ይቅርታ እያልኩ አጠገባቸው ተራመድኩ። ይሰድቡኛል፣ ቢመቱኝም ይገባኛል ብዬ ነበር። ቆመው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለሾፌሩ እውነቱን በመናገርህ አልቀየምህም። እኔም በሐሰት ሰው ማሳሰር አልፈልግም። ግን ልጆቼን አሁን ምን ልበላቸው? ማታ ማታ ሲያለቅሱ ያቺን ቃል ነበር የምነግራቸው።»

 መንገዱ ዳር ቆመው ግራ ቀኙን አይተው፣ እንደገና አይተው፣ ተሻገሩ።

ሊቀመንበሩ ከኪነት ቡድኑ አስወጣኝ። ከዚያ የባሰ አልደረሰብኝም፤ ለዚያ አመስጋኝ ነኝ። በቀጣዩ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሥራ አገኘሁና ጡረታ እስክወጣ እዚያው ኖርኩ። ሰው መቅዳት ተውኩ። ልጆቼ አባታቸው እንዲህ ያለ ሙያ እንደነበረው አያውቁም።

የዚያን ቀን ከአራት ኪሎ በእግሬ ወጥቼ ፒያሳ ስደርስ ሰፈራችን የነበረበትን ቦታ አየሁት። ቤቶቹ ፈርሰዋል፤ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበታትኗል፤ መንገዱም ሰፍቷል። አንዲት ትራፊክ ፖሊስ ሕፃናትን ታሻግር ነበር። ቆሜ እያየሁ ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው ባወራው ምን እንደሚለኝ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ እኮ እውነቱን ተናግረሃል፣ ይለኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አላሳረፈኝም። ፍርድ ቤት ውስጥ መሐላ ነበር፣ ዳኛ ነበር፣ የሚያየኝ ጋሽ ፈለቀ ነበሩ። እትዬ ዘይነባ የጠየቁኝ ግን በእናቴ ቤት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው ነው። አላየሁም ከማለት የሚከለክለኝ ማንም አልነበረም።

ልጆቻቸው ዛሬ ወልደው የሚያሳድጉ ሰዎች ሆነው ይሆናል። እናታቸው ያቺን ቃል መልሰው ወስደውባቸው ይሁን፣ ወይስ እንደያዟት ይደጉ ብለው ትተውላቸው፣ አላውቅም። በአንድ ሰፈር ስንኖር ስንት ዓመት በራቸው ጎራ ብዬ ልጠይቃቸው እችል ነበር። መንገዱን እየቀየርኩ አልፌያለሁ።