ግማሹን ብቻ የቀረጽኩት ፊት

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቡራዩ፣ በተከራየንበት ግቢ ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው የግቢው ባለቤት፣ ጀርባቸውን ለቤታቸው በር ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭው በር አዙረው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አዴ የምንላቸው ባለቤታቸው በስተቀኛቸው ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ሱሉልታ ያገባችው ልጃቸው ከጫንጮ ገበያ የገዛችውን ቅቤ ይዛ ልትጠይቃቸው መጥታ በስተግራቸው ተቀምጣለች። እናቴ ፊት ለፊታቸው፣ ገመዱ ጋ ልብስ ታሰጣለች። ከሰበታ የመጣው ጓደኛዬ ከእናቴ ገመድ ላይ ያወረደውን ነጭ አንሶላ ከኋላቸው በሁለት እጁ ወጥሮ ይዟል። እኔ ስልኬን ይዤ እዞራለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም። ሰዎቹን ከነቦታቸው የምጽፍበት ምክንያት አለኝ።

በዚያን ጊዜ ለቪዲዮ ጌም የሚሆኑ ሰዎችን በኮምፒውተር መቅረጽ ብቻዬን መማር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለ ድቡልቡል ነገር እንደ ጭቃ እየተጫነ፣ እየተሳበ፣ እየተፋቀ ሰው ይሆናል። የቀን ሥራዬ አዲስ አበባ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ኢንተርኔት ስላለ የትምህርት ቪዲዮ አውርጄ ቤት ወስጄ አያለሁ። ሰባት ወር ጆሮ ብቻ ቀርጫለሁ። ከአሸዋ ሜዳ እስከ አውቶቡስ ተራ፣ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ጆሮ እያጠናሁ እሄድ ነበር። የጆሮን የውስጥ እጥፋት ዛሬም ዐይኔን ጨፍኜ መሥራት እችላለሁ።

ፊት ግን አልሆነልኝም። የሥራው ሰዎች በሚሰበሰቡበት ድረ ገጽ ላይ አምስት ሥራዎቼን ስለጥፍ አንድ የማላውቀው ሰው፣ አምስቱም አንድ ሰው ናቸው፣ አጠገብህ የምታየው ሰው የለም እንዴ፣ ብሎ ጻፈልኝ። ለብዙ ቀን አብሰለሰለኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ኦቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሲታጠቡ አየሁ። ባርኔጣው የሚሸፍነው የግንባራቸው ክፍል ከቀረው ፊታቸው ቀላ ያለ ነበር፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ቀኝ ቅንድባቸው ላይ፣ በወጣትነታቸው ገፈርሳ ዳር ባሕር ዛፍ ሲቆርጡ የፍልጥ ስባሪ ፈንጥሮ የሰነጠቀው ጠባሳ አለ። ሄጄ ለመንኳቸው።

ፎቶ ያነሳሁት በሥርዓት ነው። በርጩማውን መሐል አድርጌ መሬቱ ላይ በከሰል ክብ ሠራሁ፤ ክቡ ላይ እኩል የተራራቁ ሠላሳ ስድስት ምልክቶች አደረግሁ። በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ቆሜ አንድ ከፍ ብዬ፣ አንድ ዝቅ ብዬ አነሳለሁ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣» አሉኝ ኦቦ፣ «ጌሙ ውስጥ ምን ልታደርገኝ ነው?»

«የአንድ ከተማ በር ጠባቂ።»

ኦቦ ዕድሜያቸውን በሙሉ የዱቄት ፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ወደ አዴ ዞሩ። «ሰማሽ? እኔ ጡረታ ወጣሁ ብዬ ተቀምጫለሁ። ይኼ ልጅ መልሶ ቀጠረኝ።»

«አባ፣ አትንቀሳቀስ!» አለች ልጃቸው።

«ቆይ እንጂ፣ ልጠይቀው። ፈረቃ አለው?»

«የለውም ኦቦ። ሁልጊዜ በሩ ላይ ነዎት።»

«ሽንትስ?»

ጓደኛዬ በሳቅ አንሶላውን ለቀቀው። እናቴ ገመዱን ይዛ ሳቀች፤ አዴ ምስሩን በተኑት። ኦቦም ሳቁ። አሥራ አንደኛው ምልክት ላይ ነበርኩ። ሳቃቸውን ግን አላነሳሁትም። ፊት ሲስቅ ቅርጹ ይበላሻል፣ ለሥራ አይሆንም ብዬ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

አሠራሩን ላስረዳ። ቪዲዮዎቹ ላይ የሚያስተምሩት ሁሉ የሚሉት፣ መጀመሪያ ግማሹን ሥራ ነው። ሲሜትሪ የሚባል ቁልፍ አለ። ሲበራ ግራ ጉንጭ ላይ የምታደርገው ሁሉ ቀኝ ጉንጭ ላይ በራሱ ይሆናል። ድካሙን በግማሽ ይቀንሳል። በመጨረሻ ቁልፉን አጥፍተህ ሁለቱን ወገን ለየብቻ ታስተካክላለህ። ጠባሳው በሁለቱም ቅንድብ እንዳይደገም ደህናውን ግማሽ፣ የግራውን መረጥኩ። አምስት ወር እሱ ላይ ሠራሁ። የቆዳውን ቀዳዳ ሳይቀር አንድ በአንድ ወጋሁ። «በመጨረሻ» የተባለው ቀን ግን አልመጣም፤ ግራው ራሱ አላልቅ አለኝ።

መሐል ላይ ላፕቶፔ ሞልቶ ሥራውን አላስቀምጥም አለ። ቦታ ለማግኘት ፎቶዎቹን አጠፋኋቸው፤ ከስልኬም ቀደም ብዬ አጥፍቻቸው ነበር። ሳጠፋ ያሰብኩትን በደንብ አስታውሳለሁ። ሰውዬው እዚሁ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ቀኙ ሲያስፈልገኝ በሩን ከፍቼ አያለሁ፣ አልኩ።

ኦቦ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስወጣ ይጠይቁኝ ነበር። «አከም ቡልቴ? ዘበኛው በሩ ላይ ደረሰ?»

«ትንሽ ቀረው ኦቦ።»

«እስቲ እንዳለ አሳየኝ።»

«ሲያልቅ።»

ያላለቀ ሥራ ለማንም አላሳይም ነበር። ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ላፕቶፑን ከፍቼ ወደ እሳቸው ለማዞር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድብኝም ነበር።

በክረምቱ መግቢያ፣ አንድ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ለቅሶ ቤት ፎቶ ይፈለጋል፤ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ ይቆማል፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ አቅፎት ያለቅሳል። ሣጥን ተከፈተ፣ ቁም ሣጥን ተበረበረ። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያቸው ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ሐምራዊው ማኅተም ከግንባር እስከ አገጭ ቀኝ ፊታቸው ላይ አርፏል። ቀብሩ ያለ ፎቶ ተፈጸመ። ስንመለስ ልጃቸው እጄን ያዘችኝ። ድምጿ ከመዝጋቱ የተነሣ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«ያን ቀን ስትዞረው አልነበር? ያን ሁሉ ፎቶ አንስተሃል። አንድ ብቻ አትምልን፣ ወንድሜ። ለሠልስት ይድረስልን። እናቴ ፊቱን ልያዘው እያለች ነው።»

«እሺ» አልኳት።

ያለኝ ግማሽ ፊት ነበር፤ ሌላው ግማሽ የእሱ ግልባጭ። ጋቢ አለበስኳቸው፤ ብርሃኑን ከበር እንደሚገባ ብርሃን አደረግሁት። ጠባሳውን ልጨምር ሞከርኩ። ሦስት ዓይነት ሠራሁ። ሦስቱም ጠባሳ ይመስላሉ፤ የእሳቸውን ግን አይመስሉም። ከአምስት ዓመት በላይ በየቀኑ ሰላም ያልኳቸው ሰው ቅንድብ የቱ ጋ እንደሚቋረጥ አላውቅም ነበር። ሦስቱንም አጠፋሁና ቅንድቡን ደህና አድርጌ ተውኩት። ሐዘን ላይ ቅንድብ የሚቆጥር የለም ብዬ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በትልቁ አተምኩ፤ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ አመጣሁ።

ተቀበሉት። ልጃቸው ደረቷ ላይ ለጥፋው ጮኸች። አንድ የእድሩ ሽማግሌ መስታወቱን ሳሙት። እኔ ድንኳኑ ጥግ ቆሜ፣ መናገር የሚያሳፍረኝ ነገር፣ የቆዳው ሥራ ከርቀት እንዴት እንደሚያምር አየሁ፤ ደስም አለኝ።

ከዚያ ለአዴ ወሰዱላቸው። አዴ በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ጠረጉ። ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ ወደ እናቴ ዘወር አሉ።

«ደግ ሰው ይመስላል» አሉ። «የማን አባት ነው?»

እናቴ ወደ ልጃቸው አየች።

«እማ፣ አባ እኮ ነው» አለች ልጃቸው።

«አባትሽማ በዚህ በኩል ይስቃል፣» አሉ አዴ፣ ግራ ጉንጫቸውን ነክተው፤ «በዚህ በኩል ደግሞ ይታዘባል።» ቀኙን ነኩ። «ይኼ ሰውዬ በሁለቱም አንድ ነው።»

እኔ በሥራዬ ሰባት ወር ጆሮ ያጠናሁ ሰው ነኝ። አዴ ስለ ሲሜትሪ ሰምተው አያውቁም። ስህተቴን አንዴ አይተው ነገሩኝ።

ልጃቸው አየችኝ። ከድንኳኑ ስወጣ ተከትላኝ ወጣች፤ የውሃው ሮቶ ጋ ቆምን።

«ፎቶው የለም» አልኳት። «አጥፍቼዋለሁ። ያ እኔ የሠራሁት ነው። ግማሹን።»

«ግማሹን ማለት?»

አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አሻንጉሊት አሳቅፈህ አስለቀስከን» አለችና ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ አናግራኝ አታውቅም። ለአርባቸው የቆመው ፎቶ የመታወቂያው ነው፤ ልጃቸው ሱሉልታ ወስዳ አሳድጋ አሳጥባ አመጣችው። ማኅተሙም አብሮ አድጎ ቀኝ ፊታቸው ላይ የመኪና ጎማ የሄደበት ይመስል ነበር።

እናቴ ከሠልስቱ ሁለት ቀን በኋላ፣ «የለኝም ማለት ምን ነበረበት?» ብቻ አለችኝ።

ሰበታ ሄድኩ። ጓደኛዬ ያን ቀን በራሱ ስልክም አንድ ሁለት አንስቶ እንደሆነ ብዬ። ከሚሠራበት ፋብሪካ በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ብሮ፣ ሁለቱም እጄ አንሶላ ላይ ነበር እኮ። በእግሬ ላንሳ?»

«የምታስታውሰውስ?»

አሰበ። የምሩን አሰበ። «እኔ ከኋላ ነበርኩ። ማጅራታቸውን ነው ያየሁት። ሁለት እጥፋት አለው፤ ከታችኛው እጥፋት ሥር ጥቁር ነጥብ። ማጅራት ከፈለግህ ጥራኝ።»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስመለስ ነው የገባኝ። ሠላሳ ስድስቱ ምልክቶች ጠፍተዋል። በክቡ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ግን አሉ፤ እያንዳንዱም ከቆመበት ቦታ ያየው ነገር አለ።

ወደ አዴ የሄድኩት ከአርባው በኋላ ነው። ላፕቶፑን ከፍቼ ያላለቀውን እንዳለ አሳየኋቸው፤ ያላለቀ ሥራ ለሰው ሳሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አልተቆጡኝም። «ና ቁጭ በል» አሉና አውራ ጣታቸውን የእኔ ቀኝ ቅንድብ ላይ አድርገው ገፉት። «እዚህ ጋ ይሰነጠቃል። ከዚህ ወዲህ ፀጉር የለውም። ዐይኑ ከሥሩ ትንሽ ጎተት ይላል።» ጣታቸው የረገጠበትን ቦታ እንዳልረሳው ቅንድቤን ይዤ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ሲሜትሪውን አጠፋሁት።

አሁን በየጠዋቱ የሚጠይቁኝ አዴ ናቸው። «ደረሰ?» ይላሉ። ትንሽ ቀረው አልልም፤ ከፍቼ አሳያለሁ። «አፉ አይደለም» ይላሉ፤ አስተካክላለሁ። ጠባሳው ሆኗል። የሚታዘበው ጉንጭ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። የሚስቀው ግን እምቢ ብሎኛል፤ አምስት ወር የለፋሁበት ግራ ሳቅ ያልጎበኘው ግራ ነው። የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት አዴ ማክሰኞ ልክ ነው ያሉትን ሐሙስ ልክ አይደለም አሉ። ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። በመጨረሻ ስክሪኑን ትተው እጃቸውን አዩና፣ «እኔም እየጠፋብኝ ነው መሰለኝ» አሉ። ስሠራ በቆየሁ ቁጥር የእኔን ሥራ እያዩ ኦቦን እየረሱ እንደሆነስ? ካልሠራሁት ደግሞ ያለው ማኅተሙ ነው።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው፤ ያን ቀን ግቢው ውስጥ ለነበራችሁት።

እማዬ፣ አንቺ ገመዱ ጋ፣ ፊት ለፊታቸው ነበርሽ። «ሽንትስ?» ብለው ሲስቁ ቀና ብለሽ አይተሻቸዋል። የላይኛው ጥርሳቸው ይታይ ነበር?

ጓደኛዬ፣ ማጅራቱን ጻፍልኝ። አልቀለድኩም። ነጥቡ ከመሐል ወዴት ያዘነብላል?

አንቺ ደግሞ፣ ሱሉልታ ያለሽው። እኔን እንድታናግሪኝ አልጠይቅሽም፤ ለእናትሽ ብትነግሪያቸው ይበቃኛል። በግራቸው፣ በሚስቀው በኩል የተቀመጥሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ በዚያን ሰዓት ስልኬን ዝቅ አድርጌ ሳቃቸው እስኪያልቅ እጠብቅ ነበር። ከዐይናቸው ጫፍ እስከ ጆሮአቸው የሚሄዱት መስመሮች ስንት ነበሩ? ዐይናቸውስ ጨርሶ ይከደን ነበር ወይስ አንቺን ለማየት ያህል ክፍት ነበር?